ሰው በሦስት ፊደል ይጻፋል?

ታላቅ እህቴ የፎቶ ክፈፍ ገዝታ ጠበቀችኝ። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን ጋር ወሰን የምትጋራ፣ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የበዛባት የሜሪላንድ ከተማ። ልጇ ከአሜሪካ ወታደር ቤት ተሰናብቶ ከመጣ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ዘርግታለች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው አንደኛው እስከ ግርጌው የተሞላ ሲሆን ሌላኛው ታች ላይ መቆረጡ ነው።

“ይኼኛውን ነው የምሰቅለው፤ ብዙ ተጽፎበታል” አለችኝ የሞላውን አንስታ። ቀጥላም በምታውቃት እንግሊዝኛ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ “ደሞ እየው! እዚህ ጋ ‘ኦነረብል’ ይላል። እዚህ ጋ ደግሞ ‘ጄኔራል’። ልጄን ጄኔራል ብለውታል እኮ!” ብላ ሳቀች። ቀልዷን ነው፤ ጄኔራል እንዳልሆነ ታውቃለች። ቃሉ የክብር ቃል መሆኑን ግን አልተጠራጠረችም።

ልጁ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። አየኝ፤ አየሁት።

“እስቲ አንብብልኝ፤ ምንድን ነው የሚለው?” አለች።

ቤተሰባችን ውስጥ ፎርም ሲመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። የግብር ፎርም፣ የኢሚግሬሽን ፎርም፣ የሆስፒታል ፎርም ስሞላ ዕድሜዬ ሄዷል። ስለዚህ አነበብኩላት። ስሙን፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን፣ “88ኤም” የተባለውን የሙያ መለያ፣ ይኸውም የከባድ መኪና ሾፌር ማለት ነው፣ ያገኘውን ሜዳይ ሁሉ ነገርኳት። ሃያ አራተኛው ሳጥን ላይ ስደርስ፣ “ክብር ባለው ሁኔታ ሥር ተሰናብቷል ይላል” አልኳት። ቃል በቃል ሲተረጎም ይኸው ነው። እህቴ እልል አለች። ወረቀቱም ሳሎን ውስጥ ከምርቃት ፎቶው ጎን ተሰቀለ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ያን ዕለት የተናገርኩት እውነት ነበር ወይስ ውሸት የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው። ጥያቄው የእኔና የእህቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቤታችን ውስጥ በቀረ ነበር። ነገር ግን ወረቀቱን ጠለቅ ብዬ ባየሁት ቁጥር ከእኛ ቤት የሚሰፋ ነገር አገኘሁበት። አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አንድ ሰው ሕይወት ፍርድ ሲጽፍ፣ ያ ሰው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ መጻፍ ይገባዋልን?

ወረቀቱ “ዲዲ 214” ይባላል። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ከ1950 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለተሰናባች ወታደር የሚሰጠው ማስረጃ ነው። በዚያ አገር ከወታደር ቤት ለወጣ ሰው ከዚህ ወረቀት የማይጀምር ነገር ጥቂት ነው። የቤት ብድር ዋስትናው፣ ሕክምናው፣ የትምህርት ድጎማው፣ የመንግሥት ሥራ ቅድሚያው ሁሉ በእርሱ ይጠየቃል። ሰውየው ሲሞት ሬሳ ሳጥኑ ላይ ባንዲራ ይልበስለት የሚሉ ቤተሰቦቹ እንኳ የሚያቀርቡት ይህንኑ ነው።

ወረቀቱ በተቆጠሩ ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው። እስከ ሃያ ሁለት ያሉት በጠቅላላው ይተርካሉ፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ ስንት ዓመት ስንት ወር እንዳገለገለ ይናገራሉ። ከሃያ ሦስት እስከ ሠላሳ ያሉት ግን ይፈርዳሉ። ሃያ አራተኛው የአገልግሎቱን ጠባይ፣ ሃያ ስድስተኛው የስንብቱን ምክንያት በሦስት ፊደል፣ ሃያ ሰባተኛው ተመልሶ መግባት ይችል እንደሆነ፣ ሃያ ስምንተኛው ምክንያቱን በቃል፣ ሃያ ዘጠነኛው የባከኑ ቀኖችን ያሰፍራሉ። እህቴ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱ ሁለት የሆነውም ለዚሁ ነው። አጭሩ ቅጂ ፍርዱ ተቆርጦ የወጣለት፣ ረጅሙ ፍርዱን የያዘ ነው። እህቴ ብዙ የተጻፈበትን መረጠች። ብዙ መጻፉ ብዙ መመስገን መሰላት።

“ጄኔራል” የምትለዋ ቃልም ማዕረግ አይደለችም። ስንብት አምስት ዋና ዋና ደረጃዎች አሉት። የላይኛው የክብር ስንብት ነው። ሁለተኛው “ጠቅላላ፣ ክብር ባለው ሁኔታ ሥር” ይባላል። ሦስተኛው “ክብር ካለው ሁኔታ ውጭ” ነው። የቀሩት ሁለቱ፣ የመጥፎ ጠባይና የውርደት የሚባሉት፣ በጦር ፍርድ ቤት ካልሆነ አይሰጡም። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ያገኘው ሁለተኛውን ነው። ክብር የሚለው ቃል በውስጡ አለ፤ የክብር ስንብት ግን አይደለም። ሕክምናውንና ሌላውን አብዛኛውን ጥቅም ባይነፍገውም፣ የኮሌጅ ድጎማውን ይወስድበታል። ያ ድጎማ የሚሰጠው በሙሉ ክብር ለተሰናበተ ብቻ ነውና።

ሃያ ስድስተኛው ሳጥን “ጄኬኤ” ይላል። ፍቺው ሃያ ስምንተኛው ላይ አለ፤ ተደጋጋሚ የሥነ ሥርዓት ጉድለት። ሃያ ሰባተኛው “አርኢ 3” ይላል፤ ያለ ልዩ ፈቃድ አይመለስም ማለት ነው። ሃያ ዘጠነኛው ስድስት ቀን ጎድሎብናል ይላል። የማዕረግ ሳጥኑን ከአሥራ ሁለተኛው ሳጥን ጋር ያስተያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል። ልጁ ከሁለት ዓመት ተኩል አገልግሎት በኋላ ከታች ሁለተኛውን እርከን የያዘው ከመሰናበቱ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። ማዕረጉ ተቀነሰ ብሎ የጻፈ የለም። ሁለቱን ቀን ያጋጠመ ግን ያውቀዋል።

ከእህቴ ቤት ስወጣ ልጁ እስከ መኪናው ሸኘኝ። “ጋሼ፣ ስላልነገርካት እግዜር ይስጥልኝ” አለኝ። ጠጥቶ ማርፈዱን፣ ጓደኛው በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ ለስድስት ቀን መጥፋቱን፣ ተመክሮ አለመመለሱን አንድም ሳያስቀር ነገረኝ። ማንንም አልወቀሰም። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ ግን አትወቅ” አለ። እኔም ራሴን የምሕረት ሰው አድርጌ ቆጥሬ ተለየሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ወረቀቱ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁት ታሪክ እንዲህ ይላል።

እስከ 1974 ድረስ ለተሰናባቹ በሚሰጠው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ምህፃሩ “ኤስፒኤን” የሚባል የስንብት ቁጥር ይጻፍ ነበር። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚሰፍረው። በምድር ጦሩ ዝርዝር 201 ማለት የአገልግሎት ዘመኑን የጨረሰ ነው። 28ቢ ማለት ከሕግ ጋር ደጋግሞ የተጋጨ ነው። 264 ማለት የጠባይና የባሕርይ ችግር ያለበት ነው። 46ኤ ማለት ግዴለሽ፣ አመለካከቱ የተበላሸ፣ ጥረቱን ፍሬ ላለው ነገር ማዋል የማይችል ነው። አልጋ ላይ የሚሸና ወታደር እንኳ የራሱ ቁጥር ነበረው። ከላይ “በክብር ተሰናብቷል” የሚል ወረቀት ከታች እንዲህ ያለውን ቁጥር ይዞ ሊገኝ ይችል ነበር።

ከቬትናም የተመለሰው ወጣት ወረቀቱን ይዞ ሥራ ሊለምን ይሄዳል። የቁጥሮቹ ዝርዝር በአንዳንድ ቀጣሪዎች እጅ ገብቷል፤ በእርሱ እጅ የለም። ቀጣሪው ቁጥሩን ያይና “እናሳውቅሃለን” ይለዋል። ወጣቱ ምናልባት ቆዳዬ ይሆናል፣ ምናልባት ጦርነቱ ስለተጠላ ይሆናል እያለ ይመለሳል። የገዛ ክሱን በገዛ ኪሱ ይዞ ከበር በር ይዞር ነበር ማለት ነው። ነገሩ እየታወቀ ሲመጣና ጩኸት ሲበዛ፣ መከላከያ መሥሪያ ቤቱ በ1974 ቁጥሩ ለወታደሩ በሚሰጠው ቅጂ ላይ እንዳይጻፍ አዘዘ። ቀደም ብለው የወጡትም ጠይቀው ቁጥር የሌለበት አዲስ ወረቀት እንዲያገኙ ተፈቀደ። ዳሩ ግን አዲስ ወረቀት የያዘ ሰው “ለምን አስቀየርከው?” ቢባል ምን ይመልሳል? መጠየቅ እንደሚቻል ያልሰማውስ?

ቁጥር አለመጻፉ ብቻውን መድኅን እንዳልሆነ ከዚያ ቀደም ያለው ዘመን ይመሰክራል። ከ1916 እስከ 1947 ድረስ “ሰማያዊው ስንብት” የሚባል ነበር። ስሙን ያገኘው ከወረቀቱ ቀለም ነው። በክብርም አይልም፤ በውርደትም አይልም። ዝም ነው። ችሎት ሳይቀርብ የሚሰናበት ወታደር የሚሰጠው ይህ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀቱ በብዛት የደረሳቸው በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የተጠረጠሩትና ጥቁሮች ናቸው። ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሰኔ 1945 የምድር ጦሩ 48,603 ሰማያዊ ስንብት ሰጥቷል። ከዚህ ውስጥ 10,806ቱ ለጥቁር ወታደሮች የተሰጡ ናቸው። ከመቶ ሃያ ሁለት መሆኑ ነው፤ በጦሩ ውስጥ ግን ጥቁሮች ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞሉም ነበር። “ፒትስበርግ ኩሪየር” የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ በ1945 ነገሩን አደባባይ ያወጣው። ወረቀቱ ምንም ሳይናገር ሥራ ያስከለክል፣ ጦርነቱ ሳያልቅ በ1944 የታወጀውን የትምህርትና የብድር ዕርዳታ ያስነፍግ ነበር። ቀጣሪ ሰማያዊውን ቀለም ሲያይ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ዝምታውን የሞላውም ብዙ ጊዜ ጥላቻ ነው።

“እንግዲያስ ሰውን መመዝገቡ ራሱ ይቅር” የሚል አይጠፋም። እኔም ለጥቂት ቀናት እንዲያ አስቤ ነበር። ይሁንና ሁለት ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ።

አንደኛው ቃጠሎ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1973 ከሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ ያለው የአሜሪካ ወታደራዊ ማኅደር ማከማቻ ላይኛው ፎቅ ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የወታደር ፋይል ጠፋ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል ከመቶ ሰማንያው አመድ ሆነ። ቅጂ አልነበረውም። እንግዲህ መዝገብ ጠላት ነው ካልን ያ ቀን የነፃነት ቀን መሆን ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። በጦር ሜዳ የቆሰለው ሰው መቁሰሉን ማስረዳት አቃተው። ባሏ የሞተባት ሴት ባሌ ወታደር ነበር ለማለት ከደመወዝ ዝርዝርና ከሌላ መሥሪያ ቤት ወረቀት ፍርፋሪ ስትለቅም ኖረች። እሳቱ ነውርን ብቻ መርጦ አልበላም፤ ክብርንም በላ።

ሁለተኛው የራሳችን አገር ነገር ነው። አሜሪካኖቹ ወታደርን አንድ በአንድ እየመዘኑ ሲያሰናብቱ፣ እኛ በ1991፣ በእኛ አቆጣጠር በ1983፣ የተገላቢጦሹን አይተናል። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የደርግ ሠራዊት እንዳለ ተበተነ። በሰፈራችን አንድ የመድፈኛ አሥር አለቃ ነበሩ፤ የምስጋና ደብዳቤዎቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከፍራሻቸው ሥር ያኖሩ ነበር። “የዘረፈውም፣ ያልዘረፈውም፣ የሸሸውም፣ የቆየውም ስሙ ‘የቀድሞ ሠራዊት’ ሆነ። እኔን ለይቶ የሚያውቀኝ ይህ ፌስታል ብቻ ነው” ይሉ ነበር። ሰውን ለይቶ የማይመዝን አሠራር መሐሪ ይመስላል እንጂ አይደለም። መልካሙን ከክፉው ጋር አንድ ላይ ይቀብረዋል።

ስለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል። መሣሪያ ወይም ከባድ መኪና የሚያስረክብ ቀጣሪም ስለሚቀጥረው ሰው ማወቁ አግባብ ነው። ያለ እንከን አገልግሎ የወጣ ወታደርም ከሌላው ተለይቶ መታወቁ መብቱ ነው። ጥያቄው መዝገቡ ፍትሐዊ የሚሆነው እንዴት ነው የሚል ነው። በእኔ አስተያየት የተጻፈበት ሰው ራሱ ሊያነበው ይገባል። ያደረገውን እንጂ የሆነውን መናገር የለበትም። መልስ የሚሰጥበት በርም ሊኖረው ይገባል። “ስድስት ቀን ከሥራው ጠፍቷል” የሚል መዝገብ ድርጊት ይናገራል፤ ሰውየው ጠፍቻለሁ ወይም አልጠፋሁም ብሎ ሊከራከር፣ ከዚያም ሰባተኛውን ቀን ይዞ ሊኖር ይችላል። “ግዴለሽ፣ አመለካከቱ የተበላሸ” የሚል መዝገብ ግን ባሕርይ ይናገራል። ባሕርዬ ብልሹ አይደለም ብሎ በየትኛው ምስክር ይከራከራል? መቼስ ያልቅለታል? አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። የሚወረሰው ዕውቀት ብቻ ይመስለን ነበር፤ ነውርም ይወረሳል።

የዛሬው ወረቀት ከ1974ቱ ይሻላል። ምክንያቱ በቃል ይጻፋል፤ የፊደሎቹም ፍቺ ለሚፈልግ ይገኛል። በሩም አለ። ተሰናባቹ እስከ 15 ዓመት ድረስ “ዲዲ 293” በሚባለው ፎርም ስንብቴ ይታይልኝ ብሎ ለሚገመግም ቦርድ ማመልከት ይችላል። በሩ መኖሩን የሚያውቅ ግን ስንት ነው?

ይህን ሁሉ አንብቤ፣ በምስጢር ቁጥር ሰው የፈረደውን መሥሪያ ቤት በልቤ ስኮንን ሰነበትኩ። በሦስተኛው ወር እህቴ ስልክ ደወለች። ልጁ ኮሌጅ ተመዝግቦ ነበር። በመንግሥት ብር ይማራል ብላ ለማኅበርተኞቿ ሁሉ ተናግራለች። የድጎማው መልስ መጣ፤ አይፈቀድለትም ይላል። ምክንያቱ ደግሞ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ሄድኩ። ልጁ አልነበረም። ቡና እንኳ አላፈላችም።

“አንተ ታውቅ ነበር?” አለችኝ።

“አዎ፣ እትዬ” አልኳት።

“እንግሊዝኛውን አላውቀውም። አንተን ግን አውቅህ ነበር” አለችና ዝም አለች።

ልጁ ለምኖኝ ነው አላልኳትም፤ የለመነኝ ካነበብኩላት በኋላ ነውና። ቃል በቃል ስተረጉም እውነት ነው ያልኩት ብዬም አልተከራከርኩም። ቃሉ እውነት ነበር፤ የሰማችው ግን ውሸት ነበር። እኔም ይህን እያወቅሁ ተናገርኩ። ለእርሷ እንግሊዝኛው ራሱ ምስጢር ቁጥር ነው፤ የፍቺው ዝርዝር በእጄ ያለው ሰው እኔ ነበርኩ። ዝርዝሩን በመሳቢያው ቆልፎ “እናሳውቅሃለን” ካለው ቀጣሪ በምን እለያለሁ? እርሱ ለጥቅሙ ደበቀ፤ እኔ ለርኅራኄ ደበቅሁ። በተደበቀበት ሰው ላይ የደረሰው ግን ያው ነው። ስለ ገዛ ቤቷ ጉዳይ፣ በገዛ ግድግዳዋ ላይ፣ የማታውቀውን እየሳቀች ለእንግዳ ታሳይ ነበር።

እርግጥ ምስጢሩ የልጁ ነው፤ መንገርም የእርሱ ፋንታ ነበር። ይህን ዛሬም አምናለሁ። እንዲያ ከሆነ ግን ያን ዕለት ማለት የነበረብኝ፣ “ይህን ልጅሽ ያንብብልሽ” ነው። ዝም ማለትና አጣምሞ መናገር አንድ አይደሉም። እኔ ዝም አላልኩም፤ ክብር የሚለውን ቃል መርጬ አውጥቼ ሰጠኋት።

በኋላ ያነበበላት እርሱ ራሱ ነው። አንድ እሑድ ማታ ከአንድ እስከ ሠላሳ ያሉትን ሳጥኖች አንድ በአንድ አስረዳት። እኔ አልነበርኩም። ሃያ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ስለሞተው ጓደኛው ብዙ እንደጠየቀችው፣ የእናቱንም ስም እንደጠየቀችው ነግሮኛል። ከዚያ “ዲዲ 293”ን ሞላ። ማመልከቻውን እንድጽፍለት ለመነኝ፤ እምቢ አልኩት። በራሱ እንግሊዝኛ፣ የጠፋባቸውን ስድስት ቀናትና ከዚያ ወዲህ ያደረገውን ጻፈ። ሰበብ አልፈጠረም። ቦርዱ እስካሁን መልስ አልሰጠውም።

ባለፈው ሳምንት ለጥምቀት ስሄድ ክፈፉን አየሁት። የሞላው ወረቀት አሁንም እዚያው ነው። ለእንግዳ የማይመች መስሎኝ፣ “እትዬ፣ አጭሩን ብትቀይሪው አይሻልም? እርሱ ላይ ታችኛው የለበትም” አልኳት።

ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወረቀቱን ቀና ብላ አየችው።

“እኔ የወለድኩት ሙሉውን ነው” አለች። “ሙሉው ይቀመጥ።”